የፈረስ መገጣጠሚያ ማሟያዎች፦ የድሬዳዋና የሐረር ባለፈረሶች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ከድሬዳዋው ቀፊራ እስከ ሐረሩ ፈረስ መጋላ ባለጋሪዎችና ባለፈረሶች የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምረን እንመልሳለን።

የመገጣጠሚያ ማሟያ ምንድን ነው?

ከፈረሱ መደበኛ መኖ ጋር በየቀኑ በትንሹ እየተቀላቀለ የሚሰጥ፣ መገጣጠሚያን ይደግፋል ተብሎ የሚሸጥ ነገር ነው። ብዙውን ጊዜ ዱቄት ነው። በፈሳሽና በእንክብል መልክም ይመጣል። እዚህ አካባቢ ሰው በደፈናው “ቫይታሚን” ይለዋል፤ ግን ቫይታሚን አይደለም።

መድኃኒትም አይደለም። መድኃኒት ከመሸጡ በፊት መሥራቱ መረጋገጥ አለበት። ማሟያ ግን በብዙ አገር ያን ፈተና ሳያልፍ ገበያ ይገባል። ስለዚህ ጣሳው ላይ የሚዘል ፈረስ ስለተሳለበት ብቻ ኪሳችሁን አትፍቱ።

ውስጡ ያሉት ነገሮች ምን ይሠራሉ?

መጀመሪያ መገጣጠሚያውን እንየው። አጥንትና አጥንት የሚገናኙበት ጫፍ በልም አጥንት ተሸፍኗል። በመሀላቸው ወፈር ያለ፣ የሚያሟልጭ ፈሳሽ አለ። ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከዚያ ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ ደግሞ የሚዘዋወረው ፈረሱ ሲራመድ ነው፤ ልም አጥንቱ በእርምጃ ይጨመቃል፣ መልሶ ይለቀቃል። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲን ሰውነት ልም አጥንትን የሚሠራባቸው ግብዓቶች ናቸው። ግሉኮሳሚን በአብዛኛው የሚወጣው ከሽሪምፕና ከክራብ ቅርፊት ነው። ኤምኤስኤም የሚባለው ድኝ ያለበት ውህድ ሲሆን የሚሰጠው ብግነትን (የሰውነት መቆጣትና ማበጥን) ያበርዳል በሚል ነው። ሃያሉሮኒክ አሲድ ፈሳሹን የሚያወፍረውና የሚያለሰልሰው ነገር ነው። ኦሜጋ 3 ደግሞ በአሳ ዘይት፣ በተልባና በእርጥብ ሣር ውስጥ የሚገኝ የስብ ዓይነት ነው።

በእውነት ይሠራል ወይ?

በከፊል። ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲን በቤተ ሙከራ፣ በሳህን ላይ ባለ ልም አጥንት ላይ ሲሞከሩ ጥሩ ውጤት አሳይተዋል። ችግሩ የፈረስ ሆድ ሳህን አለመሆኑ ነው። ፈረስ ከሚውጠው ግሉኮሳሚን ወደ ደሙ የሚገባው ከመቶ ጥቂት እጁ ብቻ ነው። ወደ መገጣጠሚያው ፈሳሽ የሚደርሰው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። በፈረሶች ላይ የተሠሩት ጥናቶች ብዙዎቹ ጥቂት ፈረሶችን ያዩ ናቸው፤ ውጤታቸውም አንዱ “ጠቀመ”፣ ሌላው “ለውጥ የለም” የሚል ነው።

ከአሳ ዘይት የሚገኘው ኦሜጋ 3 የተሻለ መሠረት አለው። ፈረስ ሲመገበው በደሙና በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ መጠኑ ሲጨምር ታይቷል። ብግነትን በመጠኑ ይቀንሳል።

የእኔ አቋም ይኸው ነው፦ ማሟያ ጉዳት የለውም ማለት ይቻላል፣ አንዳንድ ፈረስም ይረዳል። የጠፋ ልም አጥንት ግን አይመልስም። ሰኮናው ያልተከረከመ፣ ሸክሙ የበዛ፣ መኖው የተዛባ ፈረስ ላይ ማሟያ መጨመር ብር ደቻቱ ወንዝ ውስጥ መወርወር ነው።

ፈረሴ መገጣጠሚያውን መታመሙን በምን አውቃለሁ?

ጠዋት ከታሰረበት ስታወጡት ተመልከቱት። መገጣጠሚያው የታመመ ፈረስ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ያሳጥራል፣ ግትር ይላል። ትንሽ ከሄደ በኋላ ይፍታታል። ሰው “ሲሞቀው ተሻለው” ብሎ ያልፈዋል። እሱ ግን ዋናው ምልክት ነው። የኋላ እግሩን ጣት መሬት ላይ የሚጎትት ከሆነም የሰኮናውን ፊት እዩት፤ ተፍቆ ታገኙታላችሁ።

የፊት እግሩ ከሆነ የሚያመው ራሱ ይነግራችኋል። ጠፍጣፋ ደረቅ መንገድ ላይ ሰው በልቅ ገመድ ይዞ ያሶምሶመው፣ እናንተ ከፊት ቁሙ። የታመመው እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላቱን ቀና ያደርጋል። ደህነኛው ሲያርፍ ዝቅ ይላል። በስልክ ቪዲዮ ቅረጹት፤ ከሳምንታት በኋላ ለማወዳደር ትፈልጉታላችሁ።

አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ የፈረስ ማነከስ በብዛት የሚመነጨው ከሰኮናው ነው። ጠጠር፣ ሚስማር፣ በሰኮና ውስጥ የተቋጠረ መግል። መገጣጠሚያውን ከመጠርጠራችሁ በፊት እግሩን አንስታችሁ ሥሩን ጥረጉና እዩ።

ማሟያ ከመግዛቴ በፊት ምን ላስተካክል?

አራት ነገር እላለሁ፤ ቅደም ተከተሉም እንዳለ ይሁን።

ሰኮና አንደኛ ነው። በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ መከርከም አለበት። ጣቱ ሲረዝም እግሩ ከመሬት የሚነሳበት አቅጣጫ ይቀየራል። ሙሉ ክብደቱ በተሳሳተ ማዕዘን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያርፋል። አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ ካለ ደግሞ መገጣጠሚያው በአንድ በኩል ብቻ ይበላል። ይህን የሚያስተካክል ዱቄት የለም።

ሁለተኛው ጋሪው ነው። ጭነቱን ከጫናችሁ በኋላ ፈረሱን ሳታስሩ ጋሪውን አግድም ያዙትና ከፈረሱ ግራና ቀኝ የሚያልፉትን እንጨቶች በአንድ እጅ ለማንሳት ሞክሩ። በቀላሉ ከተነሳ ሚዛኑ ጥሩ ነው። ሁለት እጅ ከጠየቃችሁ ትርፉ ክብደት በፈረሱ ጀርባና በፊት እግሮቹ ላይ ነው ማለት ነው። ሲሚንቶውን ወይም ከረጢቱን ወደ ኋላ ግፉት። ጎማውንም ንፉ። የተነፈሰ ጎማ ፈረሱን በየሜትሩ ተጨማሪ ያስጎትተዋል። ጎማ ማስነፋት ከማንኛውም ማሟያ ይረክሳል፣ ጥቅሙም በዚያው ቀን ይታያል።

ሦስተኛው መንገድና ፍጥነት ነው። አስፋልት አይምርም። ፈረስ አስፋልት ላይ ሲሶምሶም ምቱ በሙሉ ወደ መገጣጠሚያው ይወጣል። ጭነት ይዞ አስፋልት ላይ በእርምጃ ይሂድ። ጠዋት ገና እንደወጣ የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ያለ ጭነት ወይም በቀላል ጭነት ያራምዱት።

አራተኛው እረፍት ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እረፍት ማለት በአጭር ገመድ ግንድ ላይ አስሮ ማዋል አይደለም። ልም አጥንት በእንቅስቃሴ ነው የሚመገበው ብለናል። ሥራ በሌለው ቀን ለቀቅ ባለ ቦታ ወዲያ ወዲህ እያለ ይዋል።

ፈረሴን የምቀልበው ፉርሽካ ነው። ይህ ከመገጣጠሚያ ጋር ምን አገናኘው?

በጣም ያገናኘዋል። እንዲያውም ከዚህ ገጽ አንድ መልስ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

ፈረስ ከመኖው የሚያገኘው ካልሲየም ቢያንስ ከፎስፈረሱ ጋር እኩል መሆን አለበት። ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። የስንዴ ፉርሽካ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ፎስፈረሱ የካልሲየሙን ስምንት ዘጠኝ እጥፍ ያህላል። ፈረሱ በፉርሽካ ላይ ብቻ ለወራት ሲኖር ሰውነቱ የጎደለውን ካልሲየም ከራሱ አጥንት ያወጣል። መጀመሪያ የሚታየው፣ ቦታ እየቀያየረ የሚመጣ ማነከስ ነው። ዛሬ የፊት እግሩ፣ ከሳምንት በኋላ የኋላው። እርምጃው ይገተራል። ሲብስ የፊቱ አጥንት ከዓይኑ በታች በሁለቱም በኩል ያብጣል፣ ማኘክም ያስቸግረዋል። በሽታው የቆየ ነው፤ በአውሮፓ ድሮ ፉርሽካ እንደ ልብ የሚያገኙ የወፍጮ ቤት ፈረሶች ላይ ይታይ ነበር።

እንዲህ ላለው ፈረስ ግሉኮሳሚን መስጠት ምንም አይጠቅመውም። የሚያስፈልገው ካልሲየም ነው። አልፋልፋ የምታገኙ ከሆነ ከሱ የተሻለ የለም፤ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ በብዙ ይበልጣል። ካልሆነ ከእንስሳት መኖ መሸጫ ለመኖ የተዘጋጀ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ግዙ። ለአንድ ኪሎ ፉርሽካ 30 ግራም ገደማ ጉድለቱን ይሸፍናል፤ ሞላ ያለ ሁለት የሾርባ ማንኪያ እንደማለት ነው። ተጠንቀቁ፦ ለግድግዳ ቀለም የሚሸጠውን ኖራ እንዳትሰጡ። እሱ አፉንና ሆዱን ያቃጥለዋል። ፉርሽካውንም ቀንሱ፤ የመኖው መሠረት ድርቆሽ ወይም ሣር ይሁን።

ተልባ ለመገጣጠሚያ ይጠቅማል?

አዎ፣ በመጠኑ። በእኛ ገበያ በቀላሉ ከሚገኙት ነገሮች መጀመሪያ የምሞክረው እሱን ነው። ተልባ በኦሜጋ 3 የበለጸገ ነው። ልክ ነው፣ የተልባው ዓይነት እንደ አሳ ዘይቱ ጠንካራ አይደለም፤ የፈረስ ሰውነት ወደዚያ የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ነው። ግን በእርጥብ ሣር ለማይመገብ ፈረስ ተልባ ትልቅ ክፍተት ይሞላል። በበጋ የድሬዳዋ ፈረስ ሣር የት ያገኛል?

ሙሉውን ፍሬ ብትሰጡት ብዙው ሳይፈጭ በፋንድያው ይወጣል። ለስለስ አድርጋችሁ ቁሉትና ፍጩት። ለአንድ የጋሪ ፈረስ በቀን 100 ግራም ገደማ ይበቃል። በአንድ ማንኪያ ጀምራችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ እዚያ ድረሱ። ጥሬውን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አታሳድሩ፤ ጥሬ ተልባ ሲዘፈዘፍ መርዛማ ነገር ሊለቅ ይችላል። የተፈጨውም ቶሎ ስለሚሻግት የሁለት የሦስት ቀን ብቻ አዘጋጁ። የተልባ ፋጉሎ ዘይቱ የወጣለት ስለሆነ ለፕሮቲን ጥሩ ነው፣ ለኦሜጋ 3 ግን ተልባውን አይተካም።

እርድ፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድስ?

እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ብግነትን እንደሚቀንስ በቤተ ሙከራ ታይቷል፤ ነገር ግን ከአንጀት ወደ ደም በደንብ አይገባም። አብሽ የምግብ ፍላጎትን ያነሳሳል፤ ፈረሶች ሽታውን ይወዱታል። ጥቂት ቢሰጥ አይጎዳም። ለመገጣጠሚያ ግን በእነዚህ ላይ ተስፋ አትጣሉ።

ገራባ (ከተቃመ ጫት የተረፈውን) እንሰጠዋለን። ጉልበት ይሰጠዋል፣ እግሩንም ያፍታታዋል ይባላል። እውነት ነው?

ገራባ ለፍየል ሲሰጥ ከሐረር እስከ ድሬ የምናየው ነው። ለፈረስ ግን፣ በተለይ ለሚያነክስ ፈረስ፣ አትስጡት። ጫት የሚያነቃቃ ነገር አለው። የሚያነቃቃ ነገር ድካምን ይሸፍናል እንጂ እግር አይፈውስም። ማረፍ የነበረበት ፈረስ በታመመ መገጣጠሚያው ላይ ሌላ ግማሽ ቀን ይሠራል ማለት ነው። ልቡም በሙቀትና በሥራ ላይ ተጨማሪ ጫና ይደርስበታል።

አቦ፣ ግሉኮሳሚኑን ከሰው ፋርማሲ ብገዛስ?

ይቻላል፣ ግን ሒሳቡን ሥሩ። ለ500 ኪሎ ፈረስ የተለመደው የግሉኮሳሚን መጠን በቀን 10 ግራም ያህል ነው። የእኛ የጋሪ ፈረስ ብዙውን ጊዜ ከ300 ኪሎ በታች ስለሆነ ከ5 እስከ 6 ግራም ይበቃዋል። የሰው እንክብል 500 ሚሊግራም ከሆነ በቀን ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ፍሬ ማለት ነው። ስልሳ ፍሬ የያዘ ብልቃጥ አንድ ሳምንት አይሞላም። በቀን ሁለት ሦስት ፍሬ ብትሰጡት ደግሞ ምንም አልሰጣችሁትም።

ስያሜውንም አንብቡ። “ግሉኮሳሚን ሃይድሮክሎራይድ” ከሚለው 83 ከመቶ ገደማው ግሉኮሳሚን ነው። “ሰልፌት” የሚለው ብዙውን ጊዜ በጨው ተረጋግቶ ስለሚሸጥ በተመሳሳይ ክብደት የሚገኘው ወደ 60 ከመቶ ይወርዳል። የሰው እንክብል ከህመም ማስታገሻ ጋር የተቀላቀለ እንዳይሆንም ተጠንቀቁ፤ ፋርማሲስቱን ጠይቁ፣ ለፈረስ መሆኑን አትደብቁ።

የፈረሴን ክብደት ያለ ሚዛን በምን አውቃለሁ?

የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከፊት እግሩ ክርን ወዲያ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ለኩ። ቀጥሎ ርዝመቱን፣ ከትከሻው ፊተኛ ጫፍ እስከ መቀመጫው ኋለኛ ጫፍ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዙ፣ ውጤቱን በርዝመቱ አባዙ፣ ከዚያ ለ11,880 አካፍሉ። ልኬቱ በሴንቲሜትር፣ መልሱ በኪሎ ነው።

ደረቱ 145፣ ርዝመቱ 155 የሆነ ፈረስ እንውሰድ። 145 በ145 ሲባዛ 21,025 ነው። በ155 ሲባዛ 3,258,875። ለ11,880 ሲካፈል 274 ኪሎ ይመጣል። ግምት ነው፣ ግን በዓይን ከመገመት በጣም ይሻላል። ቁጥሩን ጻፉት፤ የትል መድኃኒት ሲሰጠውም ያገለግላችኋል።

ስንት ጊዜ ልሞክረው? መሥራቱንስ በምን አውቃለሁ?

ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት። በሳምንት “ተአምር አየሁ” የሚል ሰው ያየው የሳምንቱን እረፍት ነው። ከመጀመራችሁ በፊት የቀረጻችሁትን ቪዲዮ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት ከተቀረጸ አዲስ ቪዲዮ ጋር አስተያዩ። ፈረሱን የማያውቅ ሰው ይፍረድ፣ የትኛው ቀደም ብሎ እንደተቀረጸ ሳይነገረው። ገንዘብ ያወጣ ዓይን ለውጥ ማየት ይፈልጋልና።

በሁለት ወር ለውጥ ከሌለ አቁሙት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ነገር አትቀይሩ። ሰኮናውም ተከርክሞ፣ ጭነቱም ቀንሶ፣ ማሟያውም ተጀምሮ ፈረሱ ቢሻለው የትኛው እንደረዳው አታውቁም። ሰኮናና ጭነት መጀመሪያ ይስተካከሉ፤ አንድ ወር ቆዩ፤ ከዚያ ወደ ማሟያው።

የድሬ ሙቀት ማሟያውን አያበላሸውም?

ዘይት የሆነውን ያበላሸዋል። ከ35 ዲግሪ በላይ በሚሆን ቀን ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተቀመጠ የአሳ ዘይት በቶሎ ይሻግታል። ሽታው የደረቀ ቀለም ከመሰለ ጣሉት። ዱቄቱም እርጥበት እንዳይነካው ክዳኑ ይጠበቅ፣ ከፀሐይ ይራቅ። ዘመድ ከውጭ በሻንጣ የላከው ከሆነ የሚያበቃበትን ቀን መጀመሪያ እዩ። ሐረር ቀዝቀዝ ስለሚል የሐረር ሰው በሙቀቱ በኩል እፎይ ማለት ይችላል።

ጤነኛ ወጣት ፈረስ አለኝ። ከአሁኑ መከላከያ ብጀምርለትስ?

ለጤነኛ መገጣጠሚያ ማሟያ በሽታ እንደሚከላከል የሚያረጋግጥ ጠንካራ መረጃ የለም። ለወጣቱ የምትሰጡት ትልቁ ስጦታ ጊዜ ነው። የፊት ጉልበቱ ላይኛው አጥንት ማደጉን የሚያቆመው በሁለት ዓመት ተኩል አካባቢ ነው። የጀርባ አጥንቱ ደግሞ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። በሁለት ዓመቱ ጋሪ ላይ የታሰረ ውርንጭላ ገና ያልጠነከረ አጥንት ላይ ሸክም ተጭኖበታል። በስምንት ዓመቱ ሽማግሌ የሚመስለው ለዚህ ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላው አትሰሩት፤ ከዚያም በኋላ በባዶ ጋሪ ጀምሩ።

ለአህያስ ይሰጣል?

ማሟያው በክብደቱ ልክ ይሰጣል። 140 ኪሎ የምትመዝን አህያ ከ500 ኪሎ ፈረስ መጠን ከሲሶ በታች ትወስዳለች። ግን ሁለት ነገር ይለያል። አህያ ሕመሟን ትደብቃለች። ወደ ጀጎል እንጨት ተሸክማ የምትገባ አህያ ማነከሷ በግልጽ ከታየ ሕመሙ ቆይቷል ማለት ነው። የህመም መድኃኒቶች ደግሞ በአህያ ሰውነት ውስጥ የሚቆዩት እንደ ፈረስ አይደለም፤ ብዙዎቹ ቶሎ ይወጣሉ። ስለዚህ የፈረሱን መድኃኒት ገምሳችሁ አትስጡ፤ ሐኪም ይወስን።

ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ከማሟያው ጋር ብሰጠውስ?

አይሆንም፤ ለብቻውም አይሆንም። የሰው የህመም ማስታገሻ የፈረስን ጨጓራና ትልቁን አንጀት ያቆስላል። ውሃ ያልጠጣ ፈረስ ላይ ኩላሊት ይጎዳል፤ በድሬ ሙቀት ሲሠራ የዋለ ፈረስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ውሃ ያልጠጣ ነው። ዳይክሎፌናክ ሌላም ጣጣ አለው። መድኃኒቱ ያለበት እንስሳ ሞቶ ሜዳ ላይ ሲጣል የሚበሉት ጥንብ አንሳዎች በኩላሊት በሽታ ያልቃሉ። በደቡብ እስያ ሚሊዮኖች ያለቁት በዚህ ነው።

ለፈረስ የሚታዘዘው ፌኒልቡታዞንና መሰሎቹ ናቸው። እነሱም በሐኪም መጠን፣ ለተወሰነ ቀን ብቻ። ሁለት ዓይነት ማስታገሻ በአንድ ጊዜ አይሰጥም። ሕመሙ የጠፋለት ፈረስ ድኗል ማለትም አይደለም። ማስታገሻ እየወሰደ ጋሪ መጎተት የለበትም።

ያበጠውን መገጣጠሚያ በጋለ ብረት ብናስተኩሰውስ? አባቶቻችን ያደርጉት ነበር።

አታስተኩሱት። ይህን ስል በንቀት አይደለም፤ ሰው ፈረሱን ለማዳን ብሎ፣ ሌላ አማራጭ ሳይኖረው ያደረገው ነው። ሲተኮስ “የዳነ” የሚመስለው ቁስሉ እስኪሽር ፈረሱ ስለሚያርፍ ነው። ያዳነው እረፍቱ ነው። እረፍቱን ያለ ቃጠሎ ስጡት። የተተኮሰው ቆዳ ጠባሳ ይዞ ይጠነክራል፣ የመገጣጠሚያውን መታጠፍ ይገድባል፣ ቁስሉም ዝንብና ጀርም ይጠራል። ለአዲስ ወለምታ ቀዝቃዛ ውሃ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለሃያ ደቂቃ አፍስሱበት። ከቧንቧ፣ ከጀሪካን፣ ካገኛችሁት።

የኋላ እግሮቹ ይወላከፋሉ፣ እንደሰከረ ይወዛወዛል። መገጣጠሚያ ነው?

ምናልባት ላይሆን ይችላል። መገጣጠሚያው የታመመ ፈረስ አንድን እግር ይቆጥባል፣ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ግን ያውቃል። የሚወዛወዝ ፈረስ እግሩን አያውቀውም፤ ችግሩ ነርቭ ላይ ነው።

በእኛ አካባቢ ማሽላ ስላለ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ እርጥብ የማሽላ ቅጠል ለሳምንታት ሲበላ ነበር? እርጥብ ማሽላ በፈረስ ላይ የታወቀ በሽታ ያመጣል። የኋላ እግሮቹ ይደክማሉ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ ሽንቱ ይንጠባጠብና የኋላ እግሩን ቆዳ ያቆስላል። ያረገዘች ባዝራ ከበላችው ውርንጭላዋ መገጣጠሚያው ተቆልፎ ሊወለድ ይችላል። በደንብ የደረቀ አገዳ አደጋው በጣም ያነሰ ነው። እርጥቡን ዛሬውኑ አቁሙና ሐኪም አሳዩ፤ ነርቭ አንዴ ከተጎዳ ለመመለስ ይቸግራል።

መገጣጠሚያው በአንድ ሌሊት አበጠ፣ ይፋጃል፣ እግሩን አያስነካም። ማሟያ ልጀምር?

ማሟያውን እርሱት፤ ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው። በመገጣጠሚያ አጠገብ ቁስል ካለና ከቁስሉ ቢጫ፣ የሚያዝለገልግ፣ እንደ እንቁላል ነጭ የሚሳብ ፈሳሽ ከወጣ ጀርም መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። ሙቀቱን ለኩ። የጤነኛ ፈረስ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። ገና በተወለደ ውርንጭላ ደግሞ ጀርሙ በእትብቱ ገብቶ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ያርፋል። ያበጠ ጉልበት ያለው የሳምንት ውርንጭላ “እናቱ ረግጣው ነው” ተብሎ አይታለፍም።

በቅርብ ላለ የእንስሳት ሐኪም ደውሉ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ከሁለቱም ከተሞች ሩቅ አይደለም። እስኪደርስ ቁስሉን በንጹህ ውሃ አጥባችሁ በንጹህ ጨርቅ ሸፍኑ። ምንም ነገር አትወጉት፣ “ውሃውን ላውጣለት” ብላችሁም በመርፌ አትንኩት።

ፈረሴ አርጅቷል፣ ቤተሰቡ የሚኖረው በሱ ነው። ማሟያ ሰጥቼ ላሠራው ወይስ ይብቃው?

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። አንድ መልስ የለውም። ያረጀ መገጣጠሚያ አይታደስም፣ ግን ብዙ ያረጁ ፈረሶች ቀላል ሥራ እየሠሩ ደህና ይኖራሉ፤ እንዲያውም ጨርሶ ከመቆም ይሻላቸዋል። ጭነቱን በግማሽ ቀንሱ። ከተማ ውስጥ፣ ሜዳ መንገድ ላይ ብቻ ይሥራ፤ ወደ ደንገጎ አቅጣጫ ያለው አቀበት ለሱ አይሆንም። አንድ ቀን ሠርቶ አንድ ቀን ይረፍ። በዚህ ላይ ተልባውን ጨምሩለት፤ አቅም ካለ ግሉኮሳሚኑን ለሁለት ወር ሞክሩ።

መቆሚያውን ግን አስቀድማችሁ ወስኑ። በእርምጃ ሲሄድ እንኳ ጭንቅላቱ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ከአሥር ደቂቃ እርምጃ በኋላም ካልተፍታታ፣ ሲተኛ ለመነሳት የሚታገል ወይም መነሳቱን ፈርቶ ጭራሽ መተኛት ያቆመ ከሆነ ጋሪ አይጎትትም። ጥርሱንም አሳዩ፤ ማኘክ ያቃተው ፈረስ ይከሳል፣ ጡንቻው ሲሟሽሽ መገጣጠሚያውን የሚደግፍለት ያጣል። ለማሟያው በየወሩ ያሰባችሁትን ብር ቁጠሩና አዲስ ለሚተካው ፈረስ ማጠራቀሚያ ቢሆን በስንት ወር እንደሚደርስ ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብላችሁ አስሉ። ለአንዳንዱ ቤት የሚሻለው ያ ነው፣ ለሽማግሌው ፈረስም ጭምር።